«ክረምት»፣ «ቆፈን» እና «መገርጣት»፤ ኮራሎች ለወቅታዊ የሙቀት ለውጥ የሚሰጡትን አካላዊ ምላሽ በአማርኛ ስለ መግለጽ

የሙያ ቃላትን በማደራጀት ሥራ ላይ ዋናው ችግር አቻ ቃል የሌለው ፅንሰ ሐሳብ ነው ተብሎ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። እኔ እዚህ ላይ የማነሣው የዚህን ተቃራኒ፣ ማለትም አቻ ቃል ያለ በሚመስልበት ጊዜ የሚደርሰውን ስሕተት ነው። ቃል ያጣ ተርጓሚ ይጨነቃል፤ መዝገበ ቃላት ይገልጣል፤ ባለሙያ ይጠይቃል። ቃል ያገኘ ሲመስለው ግን ሳይጠራጠር ያልፋል፤ አንባቢውም ሳይጠራጠር ይከተለዋል። ስሕተቱ የሚታወቀው ነገሩን በዐይኑ ያየ ሰው ሲያነበው ብቻ ነው።

ጉዳዩ የተነሣው እንዲህ ነው። አንድ ወጣት ተርጓሚ ስለ ባሕር እንስሳት ከሚተረጉመው መጽሐፍ አንዱን ምዕራፍ አምጥቶ እንድመለከትለት ጠየቀኝ። ምዕራፉ በመካከለኛው የአየር ንብረት ቀጠና የሚኖሩ ኮራሎች ከወቅት ወቅት የሚለዋወጠውን የባሕር ሙቀት በአካላቸው አሠራር እንዴት እንደሚቋቋሙ የሚገልጽ ነው። ከትርጉሙ መካከል አንዱ ዐረፍተ ነገር የሚከተለው ነበር፦ «ኮራሉ ክረምት ሲገባ ይተኛል፤ በጋ ሲሆን ይነቃል፤ ሙቀቱ ከበዛ ይነጣል።» ሰዋስዉ እንከን የለውም፤ ቃላቱም ሁሉ ከልጅነት ጀምሮ የምናውቃቸው ናቸው። ሆኖም ዐረፍተ ነገሩን ያነበበ የመንዝ ተማሪ ስለ ኮራል የሚያገኘው ዕውቀት ከሞላ ጎደል የተገለበጠ ይሆናል። እንዴት እንደ ሆነ ለማስረዳት አስቀድሞ ስለ እንስሳው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል።

ኮራል በመልኩ ድንጋይ ወይም ዕፅ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። እያንዳንዱ ግለሰብ ፖሊፕ ይባላል፤ ይህም አፉ በመዳሰሻ ክንዶች የተከበበ ለስላሳ ከረጢት ነው። ፖሊፑ ከበታቹ ኖራ እያስቀመጠ አፅሙን ይገነባል። በብዙዎቹ ዝርያዎች ሥጋ ውስጥ ደቃቃን ዋቅላሚዎች ይኖራሉ፤ በብርሃን አስተፃምሮ ያዘጋጁትን ምግብ ለእንስሳው ያካፍላሉ፤ እንስሳውም መጠለያና ለኑሯቸው የሚያስፈልጋቸውን ንጥረ ነገር ይሰጣቸዋል። የኮራሉ ቡናማ ቀለም የእነዚህ የዋቅላሚዎች ቀለም ነው። ስሙን በተመለከተ አንዳንድ ጸሐፊዎች «ዛጎል» ይሉታል። ዛጎል ግን የቀንድ አውጣ ዘመዶች ጥለውት የሚሄዱት ቤት ነው። «መርጃን» የሚለው ከዐረብኛ የመጣ ቃል ደግሞ በገበያ የሚታወቀውን ቀይ የአንገት ጌጥ ይጠራል። በእኔ አስተያየት ጌጡን «መርጃን»፣ ሕያዉን እንስሳ «ኮራል» ብሎ መለየቱ ይበቃል፤ ለዚህ ብቻ አዲስ ቃል መፍጠር ድካም ነው።

«መካከለኛ ቀጠና» የሚለው ስያሜ ራሱ ጥንቃቄ ይሻል። «ወይና ደጋ» ብለው የተረጎሙ አሉ፤ ይህ ግን የከፍታ ስም ስለ ሆነ ለባሕር አይሆንም። ከዚህ በላይ የሚያሳስተው የመካከለኛነት ሐሳብ ነው። አንባቢ «መካከለኛ» ሲል ልከኛ፣ ብርዱም ሙቀቱም ያልበዛበት ማለት ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በሐሩር ቀጠና ባሕር የሚኖር ኮራል በዓመት ውስጥ የሚያየው የሙቀት ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ዲግሪ ነው። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ በሮድ አይላንድ ናራጋንሴት ባሕረ ሰላጤ የሚኖረው አስትራንጂያ ፖኩላታ ግን ዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሚደርስ ውሃ ውስጥ የብርዱን ወራት አሳልፎ፣ በሙቀቱ ወራት ከ20 ዲግሪ በላይ የሆነ ውሃ ይጠብቀዋል። ልከኛ በተባለው ባሕር የሚኖረው እንስሳ ልክ የለሽ ለውጥ የሚሸከም መሆኑን ተርጓሚው በግርጌ እንኳ ቢሆን ሊያሳስብ ይገባል።

አሁን ወደ «ክረምት» እንመለስ። በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ዓመቱ በአራት ይከፈላል፤ ይኸውም ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ዘመነ መፀው፣ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ዘመነ ሐጋይ፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ዘመነ ጸደይ፣ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ዘመነ ክረምት ነው። (መፀውንና ጸደይን አለዋውጦ የመጥራት ልማድ በጋዜጣ ሳይቀር ሥር ሰድዷል፤ ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚሻ ነው።) አከፋፈሉ በዝናብ፣ በአበባ፣ በመከርና በድርቅ ላይ የቆመ ነው እንጂ በሙቀት መለኪያ ላይ የቆመ አይደለም። በሜዲትራኒያን ዙሪያ ባሉ አገሮች ዝናቡና ብርዱ ባንድነት ስለሚመጡ፣ ከዚያ የተተረጎሙ ጥንታውያን መጻሕፍት የዚያን አገር የብርድ ወራት «ክረምት» ቢሉት ብዙ አላሳሳቱም። በእኛ አገር ግን ዝናቡ የሚመጣው የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በሚሞቅበት በሐምሌና በነሐሴ ነው። ስለዚህ «ኮራሉ ክረምት ሲገባ ይተኛል» የሚለውን ያነበበ ሰው እንስሳው በሐምሌ የሚተኛ ይመስለዋል፤ በሐምሌ ግን የናራጋንሴቱ ኮራል ክንዱን ዘርግቶ የሚበላበት፣ አፅሙንም የሚገነባበት ጊዜ ነው።

በዚህ ስሕተት ሌላውን ብቻ መውቀስ አልችልም። ከብዙ ዓመታት በፊት ስለ ሰብል ጥበቃ የተጻፈ አነስተኛ መጽሐፍ በተረጎምሁበት ጊዜ «በክረምት ወራት ውርጭ ሰብልን ይጎዳል» ብዬ ጽፌ ነበር። በኋላ ቃላት ለመሰብሰብ በመንዝ ቀያ ገብርኤል ወደምትገኘው ዘመሮ ስሄድ መጽሐፉን ይዤ ሄድሁና ለአንድ ሽማግሌ አነበብሁላቸው። ዝም ብለው ካዳመጡኝ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይኼን የጻፈው ሰው አገሩ የት ነው?» አሉኝ። «እኔ ነኝ አባቴ» አልሁ። «እንዲያ ከሆነ ያገርህን ውርጭ ረስተኸዋል። በክረምት ደመናው ምድሩን እንደ ባና አልብሶት ያድራል፤ ውርጭ ከወዴት ይመጣል? ውርጭ ሰማዩ ሲጠራ ነው፤ በጥቅምት፣ በኅዳር» ብለው አስረዱኝ። የፊዚክስ መምህር ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የሚሰጥ አይመስለኝም። መሬት በቀን የተቀበለችውን ሙቀት በሌሊት ወደ ጠፈር ትለቃለች፤ ደመና ሲኖር ይመልስላታል፤ ሰማዩ ከጠራ ግን የሚከለክል የለምና ሙቀቱ ይባክናል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለውም ተረት ብርዱ የየትኛው ወር እንደ ሆነ ይመሰክራል። ገብሱ ፍሬ በሚቋጥርበት ጊዜ ውርጭ ከመታው ዛላው ባዶ ይቀራል፤ ስለዚህ በዚያ አገር ወርን ማሳሳት የቃል ብቻ ጉዳይ አይደለም። ከዚያ ጊዜ ወዲህ «የብርድ ወራት» እና «የሙቀት ወራት» እያልሁ፣ የወሮቹንም ስም እየጨመርሁ እጽፋለሁ። ቃሉ ቢረዝምም አያሳስትም።

በመንዝና በባሕሩ መካከል ያለው ልዩነት ግን በወር ስም ብቻ የሚያልቅ አይደለም። በጓሳ፣ ከ3200 ሜትር በላይ በሆነው ደጋ፣ ከአንዱ ወር ወደ ሌላው ያለው የአማካይ ሙቀት ልዩነት ትንሽ ነው፤ ትልቁ ልዩነት በቀትርና በንጋት መካከል ነው። ጅብራ በቀን ፀሐይ የሚያቃጥለውን፣ ንጋት ላይ ግን አመዳይ የሚለብሰውን ቦታ ይኖርበታል። የጅብራ ወገን የሆኑት ግዙፋን ዕፅዋት በሌሊት ቅጠላቸውን ወደ መካከል ሰብስበው ለጋውን እምቡጥ ይሸፍናሉ፤ ሲነጋ ይከፍታሉ። የምሥራቅ አፍሪካን ከፍተኛ ተራሮች ዕፅዋት ያጠናው ስዊድናዊው ኦሎቭ ሄድበርግ ይህን የአየር ንብረት የዓመቱ ሞቃትና ቀዝቃዛ ወራት በየዕለቱ በቀንና በሌሊት እንደሚፈራረቁበት አድርጎ ገልጾታል። ይህንኑ አገላለጽ «ቀኑ በጋ፣ ሌሊቱ ክረምት» ብሎ የተረጎመ ቢኖር፣ አንባቢው በጓሳ ሌሊት ሌሊቱን ዝናብ የሚዘንብ ይመስለዋል። ባሕር በአንጻሩ ሙቀትን ቀስ ብሎ ይቀበላል፤ ቀስ ብሎ ይለቃል፤ ስለዚህ ሌሊቱ ከቀኑ ብዙ አይለይም። ለውጡ የሚመጣው በወራት ነው። ጅብራ በዐሥራ ሁለት ሰዓት ውስጥ የሚያደርገውን ኮራሉ በዓመት ያደርገዋል፤ ከዚህም የተነሣ የሚጠቀምበት ዘዴ ሌላ ነው።

የመጀመሪያው ዘዴ ተርጓሚው «ይተኛል» ያለው ነው። የሕያዋን አካል ኬሚካዊ ሥራ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲቀንስ ፍጥነቱ በግምት ወደ ግማሽ ወይም ወደ ሲሶ ይወርዳል። ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲቀንስ ሥራው ወደ ሩብ፣ አልፎም ወደ አንድ ዘጠነኛ ይወርዳል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የአስትራንጂያ ፖሊፖች ክንዳቸውን ሰብስበው ወደ ጽዋቸው ይገባሉ፤ ምግብ አይዙም፤ ቢነኩም መልስ አይሰጡም፤ የአፅማቸው ዕድገት ይቆማል፤ ቁስል ካላቸውም በፍጥነት አይድንም። ውሃው ሲሞቅ እንደገና ይዘረጋሉ።

ይህ እንቅልፍ ነውን? ሥነ ሕይወት ሁለት ነገሮችን ይለያል። አንደኛው አካል በውስጥ ሥርዐቱ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ የሚገባበት ዕረፍት ነው። የቀዝቃዛ አገር ዛፎች ቀኑ ሲያጥር ቅጠላቸውን አራግፈው ያርፋሉ፤ በብርዱ ወራት መካከል አንድ ሳምንት ሙቀት ቢመጣም አይታለሉም። ይህን «እንቅልፍ» ማለት ያስኬዳል፤ የተኛ ሰው ዕረፍቱን ሳይጨርስ በቀላሉ አይነቃምና። ሁለተኛው ግን ብርዱ ራሱ በቀጥታ የሚያመጣው፣ ብርዱ ሲለቅ የሚለቅ ሁኔታ ነው። የኮራሉ ይህኛው ነው። ለዚህ ከመጽሐፍ ቃል ስፈልግ ቆይቼ ያገኘሁት ከእረኞች ነው። ማለዳ ከብት ያሰማራ ልጅ ደበሎውን ደርቦ እንኳ ጣቶቹ አልታዘዝ ይሉታል፤ የገመድ ቋጠሮ መፍታት ያቅተዋል፤ ቢቆነጠጥ በደንብ አይሰማውም። «ቆፈን ይዞኛል» ይላል። እጁ አልሞተም፤ አልተኛም፤ አልታመመም። ፀሐይ ሲወጣ ቆፈኑ ይለቀዋል። ስለዚህ ሐሳቤ «እንቅልፍ» ለመጀመሪያው፣ «ቆፈን» ለሁለተኛው እንዲሰጥ ነው። «መደንዘዝ» የሚለውን የሚመርጡ አሉ፤ ነገር ግን መደንዘዝ በመርዝም፣ በመድኀኒትም፣ በድንጋጤም ይመጣል። ቆፈን መንሥኤው ብርድ ብቻ ነው፤ ይህ ጠባብነቱ ለሙያ ቃልነት ያበቃዋል።

ሁለተኛው ዘዴ «መላመድ» ነው። ወራት እየቀዘቀዙ ሲሄዱ ሕዋሳት እጃቸውን አጣጥፈው አይጠብቁም። ሥራው የዘገየባቸውን ኤንዛይሞች አብዝተው ያዘጋጃሉ፤ የሕዋሳቸውን ሽፋን የስብ ዐይነትም ይለውጣሉ። የኋለኛውን ለማስረዳት ወጥ ቤት መግባት ይበቃል። በጥቅምት ማለዳ በቅል ያለ ቅቤ ደርቆ በማንኪያ የማይቆረጥ ይሆናል፤ አጠገቡ ያለው የኑግ ዘይት ግን እንደ ወትሮው ይፈሳል። የሕዋስ ሽፋን እንደ ቅቤ ከረጋ ንጥረ ነገር ማስገባትና ማስወጣት አይችልም። ስለዚህ በብርድ ወራት የዘይት ጠባይ ያላቸው ስቦች ይበዛሉ፤ በሙቀት ወራት ደግሞ ሽፋኑ ከልክ በላይ እንዳይላላ የቅቤ ጠባይ ያላቸው ይጨመራሉ። ብርሃን በሚያንስበት ጊዜም ዋቅላሚዎቹ ሐመልማላቸውን ያበዛሉ፤ ያንኑ ጥቂት ብርሃን ለመቃረም ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ትርጉሞች የሚሰናከሉበት ሌላ ነጥብ አለ። አንድ ግለሰብ በዕድሜው የሚያደርገውን ለውጥና፣ በትውልዶች ምርጫ በዘር የተገኘውን ጠባይ ሁለቱንም «መላመድ» ይሏቸዋል። ከቆላ መጥቶ መንዝ የከረመ በግ ብርዱን ለመደ ይባላል፤ የመንዝ በግ ግን ጠጕሩን ይዞት የተወለደ ነው እንጂ ለምዶ ያገኘው አይደለም። በኮራሉም እንዲሁ ነው። ከሮድ አይላንድና ከዚያ በስተ ደቡብ ካለችው ቨርጂኒያ የተወሰዱ አስትራንጂያዎች ሲነጻጸሩ፣ የቨርጂኒያዎቹ አካል በተሻለ የሚሠራበት ሙቀት ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ በአንድ ወቅት የመጣ መላመድ አይደለም። ለግለሰቡ «መላመድ»፣ ለዘሩ «መጣጣም» ብንል ልዩነቱ ይጠበቃል። «መጣጣም» ከሁሉ የተሻለ ነው ብዬ አልከራከርም፤ ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራት ግን መቆም አለበት።

«ይነጣል» የሚለው ግሥ ከሁሉ የበለጠ አከራክሮናል። ሙቀት ሲበዛ በኮራሉና በዋቅላሚው መካከል ያለው ኅብረት ይፈርሳል፤ ዋቅላሚው ይወጣል ወይም ቀለሙን ያጣል፤ ሥጋው ብርሃን አሳላፊ ስለሚሆን ነጩ አፅም ከበታቹ ይታያል። ወጣቱ ተርጓሚ፣ «ነጭ ሆነ አይደል? ታዲያ ነጣ ብል ምን አጠፋሁ፣ ዶክተር?» አለኝ። መልሴ የሚከተለው ነበር። በአማርኛ መንጣት በብዙ ቦታ በጎ ነው፤ ሸማ ይነጣል፤ ጥርስ ይነጣል። ሰው ደሙ ሲያንስ ግን «ገረጣ» እንላለን። የገረጣ ሰው ታሟል እንጂ አልሞተም፤ ቢታከም መልኩ ይመለሳል። የኮራሉም ነገር ይኸው ነው። በእስራኤል የሜዲትራኒያን ጠረፍ የሚኖረው ኦኩሊና ፓታጎኒካ በሙቀት ወራት ሲገረጣ፣ ብርዱ ሲመለስ ሲያገግም በተደጋጋሚ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የዚያ አገር ተመራማሪዎች መንሥኤው ቪብሪዮ ሺሎይ የተባለ ባክቴሪያ ነው ብለው ነበር፤ በ2008 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ባክቴሪያው ዋና ምክንያት መሆኑን ተቃውሟል። ክርክሩ የሥነ ሕይወት ሰዎች ነው፤ ለእኛ የሚበቃን ሕመሙ የሚመላለስና የሚድን መሆኑ ነው።

«ነጭ» የሚለው ቃል ግን የራሱ ቦታ አለው። አስትራንጂያ ከዋቅላሚ ጋርም ያለ ዋቅላሚም መኖር ይችላል፤ ያለ ዋቅላሚ የሚኖረው በክንዱ የያዘውን እየበላ ጤናማ ሆኖ ይኖራል፤ መልኩም ነጭ ነው። ይህን «ገርጥቷል» ማለት ፈረንጅን በመልኩ ብቻ ታሟል እንደ ማለት ይሆናል። ሦስተኛም ሁኔታ አለ፦ እ.ኤ.አ. በ2003 በነበረው ብርቱ ሙቀት በስፔን ኮሉምብሬቴስ ደሴቶች የሚኖረው ክላዶኮራ ሴስፒቶሳ አልገረጣም፤ ሥጋው በቀጥታ እየሞተ ከአፅሙ ተለየ። ሦስቱንም «ነጣ» ብሎ የጻፈ ተርጓሚ ጤናማውን፣ ታማሚውንና ሟቹን በአንድ መዝገብ አስገብቷቸዋል።

ከሞቱት ክላዶኮራዎች መካከል የአንዳንዶቹ ታሪክ በዚያ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ሙሉ በሙሉ የሞቱ ይመስሉ ከነበሩት ውስጥ አንዳንድ ፖሊፖች ሰውነታቸውን አሳንሰው፣ ከአፅማቸው ከፊሉን ትተው፣ በጽዋቸው ውስጥ ተኮራምተው ቆይተዋል፤ ከዓመታት በኋላም እንደገና አድገው በአሮጌው አፅም ላይ አዲስ ጽዋ ሠርተዋል። ለዚህ ቃል መፈለግ አላስፈለገንም። ያለቀለት ሲመስል ቀስ በቀስ ወደ ሕይወት መመለስ «ማንሰራራት» ነው፤ ተርጓሚውም በአንድ ቃል ተስማማ። የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ደግሞ «በብርድ ወራት፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት፣ ኮራሉን ቆፈን ይይዘዋል፤ ውሃው ሲሞቅ ይለቀዋል፤ ሙቀቱ ከልክ ካለፈ ግን ይገረጣል» ብሎ አስተካከለው። የወሮቹ ልክ እንደየባሕሩ ይለያያል።

አንድ ነገር ግን ሳንቋጨው ቀርተናል። በሜዲትራኒያን ባሕር የሚኖሩ አንዳንድ የኮራል ዘመዶች ክንዳቸውን ሰብስበው ሥራ የሚፈቱት በብርድ ሳይሆን በሙቀት ወራት ነው። በዚያን ጊዜ ውሃው ሞቆ አካላቸው ብዙ ምግብ ይጠይቃል፤ ባሕሩ ግን በተለይ በዚያ ወራት ምግብ ያጣል፤ ስለዚህ ወጪያቸውን ይቀንሳሉ። ይህን «ቆፈን» ማለት አይቻልም፤ ብርድ የለበትምና። «እንቅልፍ» እንዳንል ከላይ የሰጠነው ፍች ይከለክለናል። «ጦም» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ጦም ግን በፈቃድ የሚደረግ ነው። በመንዝ ጐተራው ሲጎድል፣ አዲሱ ገብስ እስኪደርስ ድረስ ቤተ ሰቡ ሥራውንም ምግቡንም ቀንሶ የሚቆይበት ጊዜ እንዳለ አውቃለሁ፤ ለዚህ ኑሮ ራሱን የቻለ ግሥ በዘመሮም ሆነ በግሼ ወይም በመርሐ ቤቴ የሰማ አንባቢ ካለ፣ ቃሉን ከነአገባቡ ጽፎ ቢልክልን በሚቀጥለው የቃላት ዝርዝር ውስጥ እናስገባዋለን።